ወላጅ አምጪ

ተረት ልንገራችሁ። ተረት ነው የምለው ከሳሽ እንዳይመጣብኝ ነው እንጂ፣ ነገሩን ያየች ኤሊ ዛሬም በሕይወት አለች ይባላል። ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሲናገር ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጥ በነበረበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር።

በዚያ ጫካ አዳኞች በዝተው ነበር። በየመንገዱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ በየጥሻው ወጥመድ ይዘረጋሉ፣ ሲከፋቸው ደግሞ ኩሬ ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ። ዝንጀሮዎች ገደል ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ አዳኝ የት ምን እንዳደረገ ያያሉ። ቀድሞ ሲያዩ ይጮኹ ነበር፤ ጫካው ሁሉ ይሰማና ይተርፍ ነበር። በኋላ ግን ዝንጀሮዎች ሠለጠኑ። መጮኽ የባላገር ሥራ ነው ብለው ተዉና፣ ያዩትን በዛፍ ግንድ ላይ በጥፍራቸው እየጫሩ በምልክት ማስቀመጥ ጀመሩ። ለጉድጓድ አንድ ዓይነት ጭረት፣ ለወጥመድ ሌላ፣ ለእሳት ሌላ። አላፊ አግዳሚው የግንዱን ጌጥ እያደነቀ ወጥመድ ውስጥ ይገባ ጀመር።

ጉባኤ ተጠራ። አንዲት አይጥ ተነስታ፣ «እንደ ድሮው ብትጮኹልን አይሻልም ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጩኸትማ ማንም ይሰማዋል» አለ የዝንጀሮዎቹ አለቃ። «ማንም የሚሰማው ነገር ደግሞ እውቀት አይባልም።»

ጉባኤው አጨበጨበ። አይጧም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ።

ንጉሡ አንበሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ውሳኔውን ተናገረ። ምልክት ማንበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይከፈታል። ትምህርት ለሁሉም እኩል ነው። በሩ ለዝሆንም ለአይጥም ክፍት ነው። አለቃው ዝንጀሮ ርዕሰ መምህር፣ ከርከሮ ደግሞ ዘበኛ ሆነው ተሾሙ። ደንቡም አንድ ብቻ ነበር፤ ተማሪ ሲመዘገብ ወላጁን ይዞ ይመጣል፣ ሲያጠፋም ወላጁን ያመጣል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንንም ሊጎዳ አይችልም ተባለ። ያን ዕለት ጫካው በዘፈን ቀለጠ።

አሁን ወደ ኤሊት ልውሰዳችሁ። ኤሊት ገና ለጋ ኤሊ ነበረች። ከአንድ አሸዋ አብሯት የተፈለፈለ አንድ ወንድም ነበራት። ይህ ወንድሟ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ካለች ወይራ ሥር አረፍ አለ፣ ግንዱ ላይ የተጫረውን ምልክት ደገፍ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከዚያ ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አዳኞች መጥተው ወሰዱት። ኤሊት የጉድጓድን ምልክት በዚህ መንገድ ተማረች። ያለ ወላጅ የምትማረው ትምህርት እሱ ብቻ ነበር። የቀሩትን ምልክቶች ደግሞ እንዲህ ባለ ዋጋ መማር አልፈለገችም፤ የምትከፍልበት ሌላ ወንድምም አልነበራትም።

ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል እየዳኸች ሄዳ በሩ ላይ ደረሰች።

«ወላጅሽስ?» አላት ከርከሮ።

«የለኝም።»

«ወላጅ የሌለው ፍጥረት የለም። ሂጂና አምጪ።»

«የእኛ ወገን ልማድ ነው» አለች ኤሊት። «እናት አሸዋ ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ቀብራ መንገዷን ትሄዳለች። አታውቀንም፤ አናውቃትም።»

«ታዲያ የፈለፈለሽ ማን ነው?»

«ፀሐይ ናት።»

«እሷን አምጪያታ» አለ ከርከሮ፤ በቀልዱም ራሱ እየተንከተከተ ሳቀ።

ይህን ሲነጋገሩ የአንበሳ ደቦል ብቻውን እየተንጎራደደ መጣ። ከርከሮ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ጅራቱን እንደ ዱላ ሽቅብ አቁሞ አሳለፈው።

«የሱስ ወላጅ?» አለች ኤሊት።

«የሱን ወላጅ የማያውቅ ማን አለ?» አለ ከርከሮ። «ወላጅ የሚመጣው እኮ እንዲታወቅ ነው። የታወቀው ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ርዕሰ መምህር ዝንጀሮ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ነገሩ ተነገረው። ኤሊት አንገቷን ከቅርፊቷ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ፀሐይ መጥታለች፤ ይኸው ጀርባዎ ላይ አርፋለች» አለችው። ዝንጀሮ ለመልሱ ብዙም አልተቸገረም። ፀሐይ የሁሉም ናት፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ለወላጅነት አይቆጠርም አላት። ለሷ ብሎ ደንቡን ቢያላላ በሌሎቹ ላይ አድልዎ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ አድልዎ የሚባል ነገር አይወድም። ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ኤሊት ሆድ ባሳት። ከበሩ ራቅ ብላ ስታለቅስ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው አጋም ቁጥቋጦ ሥር የተኛ አንድ ጅብ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ወላጅ ነው ያጣሽው?» አላት።

«አዎ አያ ጅቦ።»

«እኔ ወላጅ ነኝ።»

ኤሊት ደንግጣ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ልትመልስ ነበር። ጅብ ግን ነገሩን አስረዳት። የሚዳቋ እናት ልጇን ልታስመዘግብ ፈልጋ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ከነብር ጎን መቀመጥ ስላልቻለች፣ ለልጇ አባት ሆኖ የገባው እሱ ነው። የጃርት አባት ቀን ቀን ስለሚተኛና ትምህርት ቤቱ ማታ ስለሚዘጋ፣ ለጃርት ልጅም አባት ሆኖ የገባው እሱ ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ወላጅ ላጣ ወላጅ ይሆናል።

«እኔ ምን ልክፈልህ?»

«ማታ ስትወጪ፣ ቀን የተማርሽውን ለልጄ ትነግሪልኛለሽ። ሌሎቹም የሚከፍሉኝ ይህንኑ ነው።» ከጀርባው አንድ ትንሽ የጅብ ግልገል ብቅ ብሎ አያት።

«ልጅ ካለህማ ለምን አታስመዘግበውም? ወላጅ አለው።»

ጅብ ሳቀ፤ የጅብ ሳቅ ደግሞ ደስታ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። «ወስጄው ነበር» አላት። «የጅብ ወገን ለትምህርት አይሆንም ተባልኩ። ዓይናችሁ ልጅ ያስደነግጣል፣ ደማችሁ ጥሩ አይደለም አሉኝ። እንግዲህ ለሚዳቋ ልጅ አባት ሆኜ ስሄድ ወንበር ሰጡኝ። ለገዛ ልጄ አባት ሆኜ ስሄድ ዱላ አነሱብኝ።»

በማግስቱ ጅብና ኤሊት ተያይዘው ቢሮ ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ሲያነጋግር ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ልማዱ ነበር፤ የወላጅን ፊት ማየት ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለው ነበር።

«ወላጅ ነህ?»

«ነኝ።»

«ጎሽ። ቁርጥ አንተን ትመስላለች» አለ ዝንጀሮ፣ አንዴም ቀና ብሎ ሳያያት። ተመዘገበች።

ክፍሉ ውስጥ እንግዲህ ሁሉም እኩል ነው። የአንበሳ ደቦልና የነብር ግልገል ከፊት ተቀመጡ፤ ይህ አድልዎ አይደለም፤ ፈሪ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሸሸ ፊቱ ባዶ ቀርቶ ነው። የዝሆን ግልገል መሐል ላይ ተገተረ። ከሱ በስተኋላ ሚዳቋና ጃርት፣ ከሁሉም ኋላ ኤሊት። መምህሩ ጉሬዛ ነበር፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ምልክቱን በግንዱ አናት ላይ እየጫረ፣ «ያልታየው ይጠይቅ» ይላል። ኤሊት የሚታያት የዝሆን ግልገል ጅራት ብቻ ነበር። ጠየቀች። «ጎበዝ ተማሪ ሰበብ አያበዛም» ተባለች።

ሰበብ አላበዛችም። ሁሉም ሲወጣ እሷ ትቀራለች። ጉሬዛ ለመለማመጃ የጣላቸውን ቁርጥራጭ ግንዶች ከመሬት እየፈለገች፣ ጭረቱን በአፏ ጫፍ እየዳሰሰች ታጠናለች። ከዚያ ወደ አጋሙ ሥር ሄዳ ለጅብ ልጅ ትነግረዋለች። እሱም በጥፍሩ አፈሩ ላይ ይጭራል፤ ሲሳሳት ታስተካክለዋለች። አባቱ ጎን ጋደም ብሎ ያያቸዋል። አንዳንዴ የተኛ ይመስላል፣ ግን አይተኛም።

ጅብ በዚያ ዓመት ያልተጠራበት ሳምንት አልነበረም። ሚዳቋ ስም ሲጠራ ትበረግጋለች፤ ወላጅ አምጪ። ጃርት ጓደኛውን በእሾሁ ወጋ፤ ወላጅ አምጣ። ኤሊት አረፈደች፤ ወላጅ አምጪ። ኤሊት ደግሞ በየቀኑ ነበር የምታረፍደው። ጅብ በገባ ቁጥር ዝንጀሮ ጣሪያውን እያየ ይቆጣዋል፤ አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ፣ ልጅ መውለድ ብቻ ነው የምታውቀው፣ ቤትህ ውስጥ ሥርዓት የለም ወይ ይለዋል። ጅብ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይልና ይወጣል። ስድቡን እንደ አጥንት ቆርጥሞ የሚውጠው ነበር የሚመስለው።

ዓመቱ እየተገባደደ መጣ። ሁሉንም ምልክት ተምረው የቀራቸው የመጨረሻው፣ የውሃ ምልክት ብቻ ነበር። በበጋ ውሃ ሲጎድል አዳኞች ኩሬ ይመርዛሉ፤ ዝንጀሮዎችም በየኩሬው ዳር ባለው ዛፍ ላይ ለደህናው አንድ፣ ለተመረዘው አንድ ምልክት ያኖራሉ። የቱ የየቱ እንደሆነ የሚነገረው ከወላጆች በዓል በኋላ ነው፤ ይህን ያህል ትልቅ እውቀት የሚሰጠው በወላጁ ፊት ለተመሰገነ ተማሪ ነው ተብሎ ነበር። ኤሊት ያቺን ቀን ትጠብቅ ነበር። በጋው ደርሷል፤ ወንዙም መሳሳት ጀምሯል።

የወላጆች በዓል ደረሰ። ንጉሡ አንበሳ ጉብታ ላይ ተቀመጠ። ጫካው ሁሉ ተሰበሰበ። የጅብ ልጅም አጥሩን ተደግፎ ከውጭ ያይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ውጤት ይናገር ጀመር።

«አንደኛ የወጣችው ኤሊ ናት። ወላጅ ይነሳ።»

ጅብ ከኋላ ተነሳ። ተጨበጨበለት።

«ሁለተኛ ሚዳቋ ናት። ወላጅ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም።

«ወላጅ ይነሳ እንጂ» አለ ዝንጀሮ።

«ተነስቻለሁ» አለ ጅብ።

«አንተ የአንደኛዋ አይደለህም እንዴ?»

«የሁለተኛዋም ነኝ።»

ዝንጀሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከሰማይ አውርዶ ጅብን አየው። ያየውም ነገር ደስ አላለውም። ቢሆንም በዓል ነውና ቀጠለ። «እሺ፣ የሦስተኛው የጃርት ወላጅ ይነሳ።»

«እሱም ስላለ ነው ያልተቀመጥኩት» አለ ጅብ። «ቁጭ ብድግ እንዳላበዛ ብዬ።»

ጫካው በሳቅ ፈረሰ። አንበሳ ብቻ አልሳቀም። ልጁ ስንተኛ እንደወጣ እስካሁን አልተነገረውም፤ ለምን እንዳልተነገረውም ገብቶታል።

«አንተ ጅብ ሆነህ ሳለ» አለው አንበሳ፣ «ኤሊና ሚዳቋ፣ በዚያም ላይ ጃርት ወለድክ?»

«እናታቸውን መስለው ነው።»

ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ አንበሳ ሲያገሳ ግን ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ደነገጠ፤ ግን የተማረ ስለሆነ ቶሎ መላ አገኘ። ነገሩ ቀላል ነው አለ። እነዚህ ልጆች የጅብ ካልሆኑ ወላጅ የላቸውም፤ ወላጅ የሌለው አይማርም። የጅብ ከሆኑ ደግሞ ጅቦች ናቸው፤ ጅብ አይማርም። ደንቡ በሁለቱም በኩል ግልጽ ነው። ጉባኤው እንዲህ ያለ ንጹሕ አስተሳሰብ ሰምቶ አያውቅም ነበርና አጨበጨበ።

ከዚያ ዝንጀሮ ወደ ጅብ ጠጋ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «ስማኝ። ልጆቼ አይደሉም ብለህ በጉባኤው ፊት ተናገር፤ ማታለል እንዳይለመድ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ይምሩሃል። ልጅህም ዛሬውኑ ይገባል፤ የውሃውን ትምህርት ከደቦሉ ጎን ተቀምጦ ይማራል።»

ጅብ ወደ አጥሩ ዞሮ ልጁን አየ። ዓመቱን ሙሉ የተመኘው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ሦስቱን ልጆች አየ። ሚዳቋ ጆሮዋን አቁማ መውጫውን ታያለች። ጃርት እሾሁን አጣጥፎ መሬት ያያል። ኤሊት አንገቷን አውጥታ ፊት ለፊት ታየዋለች፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም። እሱ ምንም አለ ምን እንደምትባረር ታውቃለች።

«ልጆቼ ናቸው» አለ ጅብ።

«አስብበት እንጂ!»

«አስቤበታለሁ። ይቺ ስታረፍድ የተቆጣኸው ማንን ነው? ያኛው ሲዋጋስ የተሰደበው ማን ነው? ዓመት ሙሉ አባት ነህ እያልክ ስትሰድበኝ ኖረህ፣ ሊመሰገኑ ሲሉ አባት አይደለህም ትለኛለህ? ስድቡን የበላሁት እኔ ነኝ። ልጆቼ ናቸው።»

ጅብ ይህን ያለው ጀግና ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ተናዶ ነው። ተናዶ ግን እውነቱን ተናገረ፤ ስንቱ በደህናው ጊዜ እንኳ አይናገርም።

ሦስቱም ተባረሩ። ኤሊት ከመውጣቷ በፊት ዝንጀሮ እግር ሥር ቆመች። «ጋሼ፣ በጋው ገብቷል። ሌላው ቢቀር የውሃውን ምልክት ይንገሩንና እንሂድ። የቱ ነው ደህናው?»

«መጠየቅ የተማሪ መብት ነው» አላት ዝንጀሮ በትሕትና። «አንቺ ደግሞ ተማሪ አይደለሽም።»

እነሱ ሲወጡ ውጤቱ እንደገና ታየ። ማንም ቅር እንዳይለው የቀሩት ተማሪዎች ሁሉ አንደኛ ወጡ ተባለ። የውሃውም ትምህርት ተሰጠ። የአንበሳ ቤተሰብ የራሱ ምንጭ አለው። ነብርም ከዚያው ይጠጣል። ዝሆን በኩምቢው አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ያወጣል። የኩሬ ምልክት ለማናቸውም አያስፈልጋቸውም፤ ቢሆንም ትምህርት አይናቅምና ቁጭ ብለው ተማሩት። ደቦሉ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

በጋው ጠና። ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬዎቹም አንድ በአንድ ጭቃ ሆኑ። የተባረሩት ልጆች ከጅብና ከልጁ ጋር ውሃ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከገደሉ ሥር ሁለት ኩሬዎች አገኙ። ሁለቱም ጥርት ብለው ያበራሉ። በያንዳንዳቸው ዳር አንዳንድ ዛፍ አለ፤ በአንዱ ግንድ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ ጭረት፣ በሌላው ላይ ወደ ታች የታጠፈ ጭረት። ኤሊት ሁለቱንም ዳሰሰቻቸው። የተማረችውን ሁሉ አስታወሰች፤ እነዚህ የሉበትም። አንደኛው ሞት እንደሆነ ታውቃለች። የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

ጃርት ሽቅብ ቢያይ ርዕሰ መምህሩ ዝንጀሮ ገደሉ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያቸዋል።

«ጋሼ፣ የቱን እንጠጣ?» ብሎ ጮኸ።

«ግንዱ ላይ ተጽፏል» አለ ዝንጀሮ፤ ፊቱንም አዙሮ ወደ ዋሻው ገባ።

የሚዳቋ ምላስ ወጥቶ ነበር። የጅብ ልጅ ጭቃው ላይ ተኝቶ መነሳት አቃተው። ኤሊት ወደ አንደኛው ኩሬ መዳህ ስትጀምር ጅብ በእግሩ አገዳት።

«ወዴት ነው?»

«ልቅመስ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ የሚያለቅስልኝ የለም።»

«እኔ የት ሄጄ ነው ብቻሽን የምትሆኚው?» አለ ጅብ። «ደግሞስ አንደኛ የወጣ ልጅ ውሃ ቀማሽ ይሆናል እንዴ? ፊደል የማልለየው እኔ ነኝ፤ መማር ያለብኝ እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀልዱን ተወ። «ጠጥቼ ስስቅ ከሰማችሁ ከዚሁ ጠጡ። ሳቄን ካልሰማችሁ ከዚያኛው ጠጡ። ልጄን አደራ።»

ወደ ታች የታጠፈ ጭረት ወዳለበት ኩሬ ወረደ። ትንሽ ቀምሶ መተው ያሳስታል ብሎ እስኪጠግብ ጠጣ። ልጆቹ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ጅብ ውሃው ዳር ተቀመጠ፣ ከዚያ ጋደም አለ። ለመሳቅ የሞከረ ይመስል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ልጁ ደጋግሞ ጠራው። መልስ አላገኘም።

ኤሊት አለቀሰች፤ ሁሉም አለቀሱ። ለአልቃሽ ግን ጥም አያዝንለትም። ኤሊት ሁለቱን ምልክቶች በደረቀው ጭቃ ላይ ትልልቅ አድርጋ ጫረቻቸው፤ ከኋላ ለተቀመጠም ቢሆን የሚታዩ ነበሩ። የጅብን ልጅ በቅርፊቷ እየገፋች ወደ ሌላኛው ኩሬ ወሰደችው።

«ወደ ታች የታጠፈው መርዝ ነው። ወደ ላይ የታጠፈው ውሃ ነው። ጠጡ» አለች። «የመጨረሻውንም ትምህርት ወላጅ አምጥተን ተማርነው።»